ሁለት ጣት ወደ ቀኝ

ከማለዲን ተቀምጦም የሚሄድ ሰው ነው። ወንበር ላይ ሆኖ እግሩ ይርገበገባል፣ ሻይ እየጠጣ ጣቱ ጠረጴዛ ይደበድባል፣ ሰው ሲያጫውተው ዓይኑ በመስኮት ወጥቶ ተራራ ላይ ይውላል። ባለቤቱ ፈርዶሳ፣ በአሥራ ሁለት ዓመት ትዳራችን አንድ ቀን ማዕድ ላይ ረግቶ ሲጨርስ አላየሁም ትላለች። ትንሽ ብታጋንንም ከእውነቱ ብዙ አልራቀችም። ይህ ሰው አርፎ የሚቀመጠው እርሳስ ሲይዝ ብቻ ነው። እርሳስ ከያዘ ግን ግማሽ ቀን አንድ ድንጋይ ፊት ተጎልቶ ይውላል፤ ካፊያ ቢመጣ እንኳ ወረቀቱን እንጂ ራሱን አይሸፍንም።

እንጀራው ሮቤ ውስጥ በአንድ መሥሪያ ቤት የካርታ ንድፍ መሥራት ነው። ድሮ መሥሪያ ቤቱ ጎባ ነበር፤ ጎባ የዞን ዋና ከተማነቷን ስታጣ ጠረጴዛውም እሱም ወደ ሮቤ ተዛወሩ። በሥራ ቀን በማስመሪያ ቀጥ ያለ መስመር ሲያሰምር ይውላል። ቅዳሜና እሁድ ደግሞ ቀጥ ያለ መስመር ወደሌለበት ይሸሻል፦ ወደ ሳነቴ አምባ፣ ወደ አስታው ቁጥቋጦ፣ በጉም ውስጥ ለየብቻቸው ወደቆሙት ጅብራዎች። ቦርሳው ውስጥ ያለው ሁልጊዜ ያው ነው። ከጠንካራው እስከ ለስላሳው አምስት እርሳስ፣ መቅረጫ ምላጭ፣ ላጲስ፣ ጥላ የሚያለሰልስበት ጥጥ፣ ጠርዙ የተበላ ደብተር። ጉምን የሚስለው ባለመሳል ነው፤ ወረቀቱን ባዶ ይተወዋል። ጥቁሩን ግን፣ በተለይ የድንጋይ ስንጥቅ ሆድ ውስጥ ያለውን ጥቁር፣ በለስላሳው እርሳስ እስኪያብረቀርቅ ድረስ ይመላለስበታል። ቤቱ ሲገባ መዳፉ የከሰል ነጋዴ መዳፍ ነው።

ሰው አይስልም። ከብትም ወፍም አይስልም። ሩህ ያለውን ነገር መሳል ለእኔ አይሆንም ይላል፤ አባቱም እንደዚያ ነው ያስተማሩት። አንድ ጊዜ አንድ የጎባ ባለሆቴል ቀይ ቀበሮ ሳልልኝ ብሎ ሁለት ወር ሲከተለው ከርሞ፣ በመጨረሻ ያገኘው ቀበሮው የሚተኛበትን ሣር ነው። ሰዉ በዚህ ይስቅበታል፤ ግን ያከብረዋል። ከዚህም የተነሳ አገሩ ስለ ከማለዲን አንድ እምነት ይዟል፦ በግ ለመሳል አላህን የሚፈራ ሰው በእርሳሱ አይዋሽም የሚል። ጉዱን ያመጣበት እንግዲህ ይኸው እምነት ነው።

ነገሩ የጀመረው በስልክ ነው። የካቲት 1998፣ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ፣ ከጎባ ስልክ አለህ ተብሎ ወደ ጸሐፊዋ ክፍል ተጠራ። እህቱ ረቢያ ነበረች። ረቢያ በስምንት ዓመት ትበልጠዋለች። እናታቸው ስትሞት እሱ ገና አምስት ዓመቱ ስለነበር ያሳደገችው እሷ ናት፤ እስከ ዛሬም «አዴ» ነው የሚላት፣ እናቴ እንደማለት። ባሏ ለሚ ከሞተ ሁለት ዓመቱ ነው። ከጎባ በላይ ወደ ተራራው ሲወጡ ቡርቃ ሄጦ የምትባል መንደር አለች፤ ረቢያ እዚያ ገብስና ነጭ ሽንኩርት እያመረተች ልጆቿን ታሳድጋለች።

«ከማል፣ ነጋ? ሰላም ነህ? ፈርዶሳስ? ልጆቹስ?»

«አልሀምዱሊላህ አዴ። ምን ሆነሽ ነው?»

«ምንም አልሆንኩም። ቅዳሜ ና። ሥዕሉን ይዘህ ና።»

«የትኛውን?»

«የምንጩን ነዋ። ዋናውን። ሽማግሌዎቹ የካላንደሩን አናምንም አሉ። ማተሚያ ቤት አበላሽቶት ቢሆንስ ብለው።»

«ሽማግሌ ሥዕል ምን ያደርግለታል?»

«የመሬት ደብተር እየተሰጠ ነው። ድንበሩ ላይ ክርክር ተነሳ። ኦቦ ጉሉማ የኮሶ ዛፏ በዚህ በኩል ነበረች ይላሉ፣ ሀጂ ሳላሀዲን በዚያ በኩል ነበረች ይላሉ። እኔ የወንድሜን ሥዕል ጠይቁ አልኳቸው። ሁሉም እሺ አሉ።»

ከማለዲን ምን ብሎ እንደመለሰ በኋላ አላስታወሰም። እሺ ሳይል አይቀርም። ስልኩን አስቀምጦ ወደ ጠረጴዛው ሲመለስ ሁለት ጊዜ በር ተሳሳተ፤ አንዱ የኃላፊው ቢሮ ነበር።

ቡርቃ ሄጦ ማለት የኮሶዋ ምንጭ ማለት ነው፤ መንደሯም ስሟን ያገኘችው ከዚያ ነው። ከታች ቆሞ ወደ ተራራው ለሚያይ፣ በግራ የረቢያ ማሳ አለ፣ በቀኝ የጎረቤቷ የኦቦ ጉሉማ፣ በመሃል ምንጩ። ከምንጩ በላይ ዳጋ በቃቃ የሚሉት ለሁለት የተሰነጠቀ ትልቅ ድንጋይ ቆሟል። በደርግ ጊዜ መሬት ሲከፋፈል ድንበሩ በአፍ ነው የተነገረው፦ ከተሰነጠቀው ድንጋይ ወደ ኮሶዋ፣ ከኮሶዋ ወደ ታችኛው ወንዝ። ውሃው የማን ነው ብሎ የጠየቀ አልነበረም። የሁሉም ከብት ይጠጣዋል፣ የሁሉም ሴት ትቀዳዋለች። አሁን ግን ደብተር መጣ፣ ደብተር ደግሞ መስመር ይፈልጋል። ኮሶዋ ከምንጩ በስተግራ ከነበረች መስመሩ በግራ ያልፍና ውሃው ለጉሉማ ይሆናል። በስተቀኝ ከነበረች ውሃው የረቢያ ነው፤ የበጋው ነጭ ሽንኩርቷም በዚያ ውሃ ነው የሚበቅለው። ኮሶዋ ራሷ የለችም። በ1995 ኅዳር ነፋስ ጣላት፣ ሁለቱ ቤተሰቦች እንጨቱን ተካፈሉ፣ ለሚ ጉቶውን ቆፍሮ እዚያው ከሰል አከሰለው። በተከታዩ ክረምት ጎርፍ መጥቶ ቦታውን ደልድሎት ሄደ።

ከማለዲን ሐሙስ ማታ ቤቱ ገብቶ ሥዕሉን ፊት ለፊቱ አየው። ሳሎኑ ግድግዳ ላይ በመስታወት ተሰቅሏል። ከሠራቸው ሁሉ ከዚህ የሚበልጥ የለም፣ ይህንን ራሱም ያውቃል። ከላይ የሳነቴ ገደል በጉም ተበልቷል፣ መሃል ላይ ዳጋ በቃቃ ጥቁር ሆዱን ከፍቶ ቆሟል፣ ከሥሩ ውሃው በድንጋዮቹ መሃል ያበራል። ከውሃው በስተቀኝ ኮሶዋ ተጣማ ቆማለች፣ ከቅርንጫፎቿ የዛፍ ሽበት ተንጠልጥሏል። ደስ ትላለች። ችግሩ እዚያ አለመቆሟ ነበር።

እውነቱ ይህ ነው። በ1993 ዓ.ም. ሦስት ቅዳሜ እየተመላለሰ ሲስለው፣ ኮሶዋ ከውሃው በስተግራ ነበረች። እዚያ ሆና ወረቀቱን ለሁለት ሰነጠቀችበት። ድንጋዩን ጋረደች፣ ገደሉን ጋረደች፣ የቱንም ያህል ቢደክም ሥዕሉ አልተነፍስ አለ። በሦስተኛው ቅዳሜ ተበሳጭቶ በላጲስ አጠፋትና ሁለት ጣት ወደ ቀኝ አሻግሮ ተከላት። ያን ጊዜ ሁሉ ነገር ቦታ ቦታውን ያዘ። ከማለዲን በደስታ ብቻውን ሲስቅ አንዲት ውሃ የምትቀዳ ሴትዮ አይታው ነበር። ኃጢአት መሆኑ በሐሳቡም አልመጣ፤ ዛፍ ሩህ የላትም።

ከዚያ በኋላ ፈቀደ መጣ። ፈቀደ ሮቤ ውስጥ የጽሕፈት መሣሪያ ሱቅ ያለው፣ ከከምባታ መጥቶ እዚሁ የከበረ ነጋዴ ነው፤ እርሳሶቹን ለከማለዲን የሚያስመጣለትም እሱ ነው። ለደንበኞቼ የ1995ን ካላንደር አሳትማለሁ፣ ያንን ሥዕልህን አውሰኝ አለ። ካላንደሩ ከሮቤ እስከ ጊኒር ያልተሰቀለበት ግድግዳ የለም። ዓመቱ አለቀ፤ ሰዉ ቀኖቹን ቀዶ ጥሎ ሥዕሉን አስቀረ። እናም ኮሶዋ በወደቀች በሦስት ዓመቷ፣ ሰው ሁሉ የሚያስታውሳት በወረቀት ላይ በቆመችበት ነው። ሀጂ ሳላሀዲን እንኳ፣ ከዚያ ምንጭ ስድሳ ዓመት የጠጡ ሰው፣ በቀኝ ነበረች ብለው የሚከራከሩት ካላንደሩን አይተው እንደሆነ ከማለዲን አልተጠራጠረም።

ከዚህ የባሰው ሌላ ነው። እሱ ራሱ ዓይኑን ጨፍኖ ምንጩን ለማየት ሲሞክር፣ የምትመጣለት የቀኟ ኮሶ ናት። ግራዋን ለማየት ቢታገል ጉም ይሆንበታል። ምናልባት ተሳስቼስ ቢሆን? ምናልባት በእርግጥ በቀኝ ነበረችስ ቢሆን? ይህ ሐሳብ ሲመጣለት ልቡ ቀለለው። ቶሎ ብሎ ደግሞ ያ ቅለት አሳፈረው።

የንድፍ ደብተሩን መፈለግ የጀመረው ያኔ ነው። ከማለዲን ትልቅ ሥዕል ከመጀመሩ በፊት ቦታው ላይ ቆሞ ትንሽ ንድፍ ያነሳል። ክንዱን ዘርግቶ፣ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ፣ እርሳሱን ከፊቱ አቁሞ በአውራ ጣቱ እየለካ፣ ከዚህ እስከዚያ ይህን ያህል እያለ ነጥብ ይነጥባል። ልማዱን ያመጣው ከካርታ ሥራው ነው። የ1993ቱ ደብተር የት እንደገባ ግን አላህ ይወቅ። ሳጥኑን ገለበጠ፣ የልጆቹን የትምህርት ቤት ደብተር ሁሉ ዘረገፈ፣ ወደ ጣሪያው ሥር ወጣ። ፈርዶሳ መጥረጊያ ይዛ በሩ ላይ ቆማ አየችው።

«ምንድነው የምትፈልገው?»

«ምንም።»

«ለምንም ይሄን ያህል አቧራ?»

ደብተሩ የተገኘው ዓርብ ጠዋት፣ የተሰበረ ወንበር እግር ሥር ተደርጎ ነው። ወንበሩ እንዳይወላገድ ራሱ ነበር ያስገባው። ገጹን ገለጠው። ኮሶዋ በግራ ቆማለች። ከውሃው እስከ ግንዷ ያለው ርቀት በነጥብ ተለክቷል፣ ቀኑም ተጽፏል። ከማለዲን ደብተሩን ዘጋው፣ ከፈተው፣ መልሶ ዘጋው።

ዓርብ ቀን ሙሉ ሲንከራተት ዋለ። መስጊድ ገብቶ ሰገደ፣ ኢማሙ ስለምን እንደተናገሩ ግን ቢጠየቅ አያውቅም። ወደ ፈቀደ ሱቅ ሄዶ ላጲስ ልገዛ ነው አለና ሳይገዛ ወጣ፣ ተመልሶ ገባ።

«ምን ሆነሃል አንተ ሰውዬ?» አለው ፈቀደ። «ውሻ የሚያባርርህ ትመስላለህ።»

«ፈቀደ፣ ያንን ካላንደር ስንት አሳተምክ?»

«አንድ ሺህ። ምነው?»

«ሥዕሉ ላይ ስህተት ቢኖርስ?»

ፈቀደ ሳቀ። «ስህተት ቢኖርበት ኖሮ በዚህ ሁሉ ዓመት አንድ ሰው ይነግረኝ ነበር። የቀኑን ስህተት እንኳ ማን ዝም አለኝ! መውሊዱን በአንድ ቀን አዛንፌ ሙሉ ጊኒር ሰድቦኛል።»

ከማለዲን ሳይስቅ ወጣ። ቤቱ ሲደርስ ፈርዶሳ ደብተሩን ይዛ ሥዕሉ ፊት ቆማለች። ሴትዮዋ ሞኝ አይደለችም። አንዴ ደብተሩን፣ አንዴ ግድግዳውን ታያለች። ሁሉንም ነገራት፤ ንግግሩ ተጀምሮ እስኪያልቅ ሳሎኑን ስድስት ጊዜ ዞረው።

«ረቢያ እኮ ናት» አለች ፈርዶሳ በመጨረሻ። «ሌላ ሰው አይደለችም። ቁርሷን ለአንተ እየሰጠች ነው ያሳደገችህ።»

«አውቃለሁ።»

«ጉሉማ አራት ወንድ ልጅ አለው። ያለዚያ ውሃ አይሞትም።»

«አውቃለሁ አልኩሽ።»

«ታዲያ ደብተሩን ለምን ትወስደዋለህ?»

«እወስደዋለሁ መች አልኩ?»

ቅዳሜ ጠዋት ደብተሩን ኮቱ ኪስ ከተተው፣ አውጥቶ ጠረጴዛ ላይ ተወው፣ በሩ ላይ ደርሶ ተመለሰና ይዞት ወጣ። ፈርዶሳ አየችው። ሥዕሉን ከመስታወቱ አውጥቶ በሁለት ካርቶን መሃል አድርጎ በላስቲክ ጠቅልሎታል። ጎባ በሚሄደው ሚኒባስ ውስጥ እግሩ ሲርገበገብ አጠገቡ የተቀመጡት እናት፣ ልጄ ሽንትህ መጣ እንዴ ብለው ጠየቁት። አስራ ምናምን ኪሎ ሜትር ዕድሜ ሆነበት። ከጎባ ወዲያ ያለውን መንገድ በእግሩ ወጣው፤ ዳገቱን ሊሮጠው ምንም አልቀረው።

ረቢያ ከማሳዋ ዳር ቆማ ጠበቀችው። ከስታለች። ጫማዋ በጭቃ ተለውሷል፣ የነጭ ሽንኩርቱ ቅጠል ጫፍ ጫፉ ቢጫ ሆኗል። አቀፈችውና ካርቶኑን በእጇ ዳሰሰችው።

«ይኸው ነው?»

«ይኸው ነው፣ አዴ።»

ትንሽ ረዘም ላለ ጊዜ ዓይኑን አየችው። ሊነግራት አፉን ከፈተ። እሷ ግን፣ ሰዎቹ ቆመዋል፣ እንሂድ ብላ ቀደመችው። ወደ ምንጩ እስኪደርሱ ድረስ ከኋላዋ እየሄደ ኪሱ ውስጥ ያለውን ደብተር ይደባብስ ነበር። ዝም ብል ማን ያውቃል፣ አለ በልቡ። ማንም አያውቅም። ውሃው ያው ውሃ ነው፣ የሚጠጣውም ያው ሰው ነው፣ እህቴ ግን ታርፋለች። ይህንን አራት አምስት ጊዜ ለራሱ ነገረው፤ በነገረው ቁጥር እርምጃው ይፈጥናል።

ምንጩ ዘንድ ሀጂ ሳላሀዲን ከሁለት ሽማግሌዎች ጋር ድንጋይ ላይ ተቀምጠዋል። ከቀበሌው የመጣው መዝጋቢ፣ ቶሚ የሚባል ወጣት፣ ገመድና ቅጽ ይዟል። ኦቦ ጉሉማ ከሁለት ልጆቻቸው ጋር ከወዲያ በኩል ቆመዋል። ረጅም፣ ጀርባቸው የጎበጠ ሽማግሌ ናቸው። ለሚ ሲሞት መቃብሩን ከቆፈሩት አንዱ እሳቸው ነበሩ።

«አካም ጅርቱ» ተባባሉ። ስለ ዝናቡ፣ ስለ ከብቱ፣ ስለ ሮቤ ሰው ሁሉ ተጠያየቁ። ከማለዲን አንዱን እግር ከአንዱ እያፈራረቀ መለሰ።

«እንግዲህ ቢስሚላህ» አሉ ሀጂ ሳላሀዲን። «ጉሉማ ኮሶዋ በግራ ነበረች ይላል። እኔ በቀኝ ነበረች እላለሁ። ሁለታችንም አርጅተናል። ይህ ልጅ ዛፏ ቆማ ሳለ ቁጭ ብሎ ስሏታል። ክፈተው።»

ከማለዲን ላስቲኩን ፈታ። ቶሚ አገዘው። ሥዕሉ ተገልጦ ድንጋዩ ላይ ተቀመጠ፤ በሥዕሉ ውስጥ ያለው ድንጋይ ከእውነተኛው ድንጋይ ሥር። ሽማግሌዎቹ ጎንበስ አሉ። ከዚያ ኦቦ ጉሉማ ቀረቡ፣ ዘንጋቸውን ለልጃቸው ሰጡ፣ ተንበርክከው ለረጅም ጊዜ አዩ።

«ይሄ እኔም ቤት አለ» አሉ። «ካላንደሩ። ዓመቱ ቢያልፍም አላወረድኩትም፤ ጠዋት ስነሳ የማየው እሱን ነው። በአፌ በግራ ነበረች እላለሁ እንጂ፣ እውነቱን ልንገራችሁ፣ ሌሊት አስቤው አስቤው በቀኝ ሆና ነው የምትታየኝ። እንግዲህ ያረጀው የእኔ ራስ ነው።» ቀና ብለው ከማለዲንን አዩት። «ይሄ ልጅ በግ እንኳ ለመሳል አላህን ይፈራል። የእኔን ዛፍ ከቦታዋ ለምን ይነቅላል? እኔ ትቻለሁ። ውሃው የረቢያ ነው። ጻፍ፣ አንተ ልጅ።»

የጉሉማ ትልቁ ልጅ «አባ» አለ። ሽማግሌው በእጃቸው ዝም አሰኙት። ቶሚ እስክሪብቶውን ከፈተ።

ከማለዲን ጉሉማ ይጮሃሉ ብሎ ነበር የመጣው። ይከራከሩኛል፣ ይሰድቡኛል፣ እኔም በንዴት ዝም እላለሁ ብሎ ነበር። እንዲህ ተንበርክከው የገዛ ትዝታቸውን ለእሱ ወረቀት አሳልፈው ይሰጣሉ ብሎ አላሰበም። ወደ ረቢያ ሊያይ ፈለገ፣ አልቻለም።

«አትጻፍ» አለ።

ሁሉም ዞረው አዩት።

«ኮሶዋ በግራ ነበረች። ኦቦ ጉሉማ እውነትዎን ነው። እኔ ነኝ ያዛወርኳት።»

«ምን ማለትህ ነው ያዛወርካት?» አሉ ሀጂ ሳላሀዲን።

«ሥዕሉ ላይ። ሁለት ጣት ወደ ቀኝ።»

«ለምን?»

ለሦስት ቀን ሲንከራተት መልሱን አዘጋጅቶ ነበር፤ ስለ ጥላ፣ ስለ ሚዛን፣ ስለ ወረቀት ስፋት። አንዱም አልመጣለትም።

«አላማረችኝም ነበር» አለ።

ቶሚ ሳቁን መቆጣጠር አቅቶት ወደ ተራራው ዞረ። ሀጂ ሳላሀዲን ግን አልሳቁም። ሁለት ጣታቸውን ሥዕሉ ላይ፣ በኮሶዋና ባዶ በሆነው ግራ መሃል አጋደሙ፣ ቀጥሎ መሬቱን አዩ፣ መልሰው ጣታቸውን አዩ። ከማለዲን ደብተሩን አውጥቶ ሰጣቸው። ገጹን እያዩ ጺማቸውን አሻሹ፤ ፊታቸው ላይ የነበረውን ለማየት ድፍረት ያለው አልነበረም። ስድሳ ዓመት የጠጡበትን ምንጭ ካላንደር አስረስቷቸዋል።

ከዚያ በኋላ ያለው ፈጣን ነበር። ከማለዲን ያኔ ተቀምጦበት የነበረው ጠፍጣፋ ድንጋይ አሁንም አለ። ወጣበት፣ ክንዱን ዘረጋ፣ አንድ ዓይኑን ጨፈነ፣ እርሳሱን አቁሞ በአውራ ጣቱ ከደብተሩ ላይ ለካ። የጉሉማ ልጅ ዶማ ይዞ ከታች ቆመ። ወደ ግራ፣ ገና፣ ጥቂት፣ እዚያ አለው። ልጁ ቆፈረ። የጎርፉ ደለል አንድ ክንድ ያህል ነበር፤ ከሥሩ አፈሩ ጥቁር ሆነ፣ የከሰል ፍርፋሪም ወጣ። ለሚ ጉቶውን ያከሰለበት ጉድጓድ ነው። ከዚያ እስከ ሥዕሉ ኮሶ ድረስ በእርምጃ ሲቆጠር ሠላሳ ሆነ። ምንጩ በመሃል ቀረ።

ቶሚ ቅጹን አመጣ። ከቅጹ ሥር ለድንበር ንድፍ የሚሆን ባዶ ሳጥን አለ።

«ንድፍ ሠሪ አንተ ነህ» አለው። «እኔ ብሠራው አያምርም።»

እምቢ የሚልበት መንገድ አልነበረም። ጠንካራውን እርሳስ አወጣ፣ ድንጋዩን ሠራ፣ የጉቶዋን ቦታ ነጠበ፣ ወንዙን ሠራ፣ ሦስቱን በመስመር አገናኘ። ውሃው ከመስመሩ ማዶ ወደቀ። ትንሽ ሥራ ነው፣ ለእሱ የአንድ ደቂቃ። ነገር ግን እርሳስ ይዞም እግሩ ሲርገበገብ ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ሆነ፤ መስመሩ ሁለት ቦታ ላይ ተንቀጠቀጠበት። ጉሉማ ፈረሙ። ረቢያ አውራ ጣቷን ቀለም አስነክራ ወንድሟ ካሰመረው መስመር ሥር አሳረፈች።

«ረቢያ» አሉ ኦቦ ጉሉማ፣ «ወረቀት ወረቀት ነው። እንደ ድሮሽ ቅጂ። ቦይሽንም አልዘጋውም።»

«ገለቶማ፣ ኦቦ ጉሉማ» ብላ አመሰገነች።

ሰዎቹ ወረዱ። ሀጂ ሳላሀዲን ሲያልፉ የከማለዲንን ትከሻ መታ አደረጉት፤ አበጀህ ማለት ይሁን ይብቃህ አልታወቀም። ወንድምና እህት ብቻቸውን ቀሩ። ረቢያ ጣቷን በሣር ትጠርጋለች፣ ቀለሙ ግን አልለቅ አላት።

«ልነግርሽ ነበር አዴ። ጠዋት ልነግርሽ ነበር።»

«ምኑን?»

«በግራ እንደነበረች።»

«ለእኔ?» አለች ረቢያ። «አሥራ አምስት ዓመት ውሃ ቀድቼ እዚያች ዛፍ ጥላ ሥር ነው ያረፍኩት። ሁለተኛዋን ልጄን ምጥ የያዘኝ ሥሯ ተቀምጬ ነው። የት እንደነበረች እኔ ይጠፋኛል?»

«ታውቂ ነበር?»

«በቀኝ ነበረች አላልኩም። አንድ ቃል አልዋሸሁም። ሥዕሉን ጠይቁ ብቻ ነው ያልኩት።» ድምጿ አልተቆጣም፤ ቢቆጣ በተሻለው ነበር። «ወረቀትህ እንዲያምርልህ ብለህ አነሳሃት። ማንም ሳይለምንህ። ለእኔ ስትሆን ግን አንድ ቀን ዝም ማለት አቃተህ።»

ትክክል ነው ያደረግኩት ሊላት ይችል ነበር፣ እውነትም ትክክል ነበር፤ ይህንን ደግሞ እሷም ሳታውቀው አልቀረችም። ግን እሷ የጠየቀችው ስለ ትክክል አልነበረም። ዓይኑ እንባ አቀረረ፣ አርባ ዓመት ሊሞላው የቀረበ ሰው፣ ጭቃ ላይ ቆሞ።

«ይፈቅዱልሻል እኮ» አለ። «ሰውዬው ደግ ናቸው።»

«ደግ ናቸው። እሳቸው ደግ ናቸው፣ ልጆቻቸውን ደግሞ አላህ ያውቃል። እስከ ትናንት ሳልጠይቅ ነበር የምቀዳው። ከዛሬ ጀምሮ እየተፈቀደልኝ ነው።»

እንስራዋን አንስታ ከምንጩ ሞላች። ከማለዲን ሊሸከምላት ሲል ከለከለችው። ከዚያ ድንጋዩ ላይ የቀረውን ሥዕል አየች፣ ጎንበስ ብላ አየችው፤ ገደሉን፣ ጉሙን፣ በቀኝ የቆመችውን ኮሶ።

«ይሄን ወደ ሮቤ ትመልሰዋለህ?»

«አላውቅም። ልቀደው ይሆናል።»

«አትቅደደው። ለእኔ ተውልኝ» አለች ረቢያ። «እዚያ ላይ ውሃው የእኔ ነው።»

ሥዕሉን ወደ ካርቶኑ መልሶ ከኋላዋ ተከተላት። ቤቷ ሲገቡ ካላንደሩን ከግድግዳው አወረደችና ሥዕሉን በእሱ ሚስማር ሰቀለች።